አጋር በምድረ በዳ፤ በስደት አገር ስለምትወልድ እናት የአእምሮ ጤና

በኦሪት ዘፍጥረት በ16ኛውና በ21ኛው ምዕራፍ የአጋር ታሪክ ይገኛል። አጋር በባዕድ ቤት የምታገለግል ግብጻዊት ነበረች። ፀንሳ ሳለች በእመቤቷ ዘንድ መከራ ስለ ጸናባት ወደ በረሓ ኰበለለች፤ ልጇን ወልዳ ካሳደገች በኋላም ዳግመኛ ከቤት ወጥታ በቤርሳቤሕ ምድረ በዳ ባዘነች። የያዘችው ውሃ ባለቀ ጊዜ ልጇን በቍጥቋጦ ሥር ትታ፣ ሞቱን ላለማየት ፈቀቅ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። የውሃው ጕድጓድ ግን ከዚያው አጠገብ ነበረ፤ እርስዋ ያየችው ከሰማይ ከተጠራችና ዓይኖቿ ከተከፈቱ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። መጀመሪያ፣ አጋር ከልጇ የራቀችው ስለ ጠላችው አይደለም፤ ኀዘኗ ከአቅሟ በላይ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ውሃው በቅርብ ሳለ አላየችውም፤ ጽኑ ጭንቀት ዓይንን ይጋርዳልና። ስለዚህ ተስፋ የቈረጠች እናት በስሟ የሚጠራትና ውሃው ያለበትን የሚያሳያት ያስፈልጋታል።

በእስልምና ትውፊት ደግሞ አጋር ከልጇ ከእስማኤል ጋራ የተቀመጠችበት ደረቅ ሸለቆ መካ ነው ይባላል። ወደ መካ ለሐጅ የሚሄዱት ሁሉ በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ የሚመላለሱት፣ እርስዋ ውሃ ፍለጋ የሮጠችውን ለማሰብ ነው፤ የዘምዘም ውሃም ለእርስዋና ለልጇ እንደ ፈለቀ ያምናሉ። እንግዲህ ክርስቲያኑም እስላሙም የአንዲትን ስደተኛ እናት እንባ ያስባል። በዚያችው በመካና በወደቧ በጅዳ በዛሬው ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያት በሰው ቤት ተቀጥረው ያገለግላሉ፤ ከእነርሱም መካከል የሚፀንሱና የሚወልዱ አሉ። ዛሬ የሚነገረው ስለ እነዚህ እናቶች የአእምሮ ጤና ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ተመልሰው የሚመጡት ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ደብርና ወደ ገዳም ደጅም ስለ ሆነ፣ ነገሩ ነገ ካህናት የሚሆኑትን ደቀ መዛሙርትና በበዓል የሚሰበሰቡትን ተሳላሚዎች ይመለከታል።

፩፤ የሕመሙ ዓይነት

ወላድን የሚያገኛት የአእምሮ ሕመም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ሦስት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው ሆደ ባሻነት ነው። ከወሊድ በኋላ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ገደማ ወላዲቱ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ ቶሎ ይከፋታል፤ እንቅልፍም ይነሣታል። ከወላዶች ከእኩሌታ የሚበልጡትን ያገኛቸዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ በዝቶ የነበረው ሆርሞን ከወሊድ በኋላ በድንገት መቀነሱ ነው። ዕረፍትና አይዞሽ የሚላት ሰው ካገኘች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃታል።

ሁለተኛው ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት፣ በተለምዶም የመንፈስ ጭንቀት የሚባለው ነው። ይህ በእርግዝናው ወራት ሊጀምር ወይም ከወሊድ በኋላ በሚከተሉት ወራት ሊመጣ ይችላል። ምልክቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ኀዘን፣ ደስታን ማጣት፣ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ እንኳ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ «እኔ የማልረባ እናት ነኝ» ብሎ ራስን መኰነን ነው፤ ሲጸናም ሞትን መመኘት ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 10 ያህሉ፣ ከ100 ወላዶችም 13 ያህሉ የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል፤ ይኸውም ይልቁን ድባቴ ነው። በታዳጊ አገሮች ቍጥሩ ከፍ ብሎ በእርግዝና ጊዜ ወደ 16፣ ከወሊድ በኋላ ወደ 20 ይደርሳል።

ሦስተኛው ጥቂቶችን ብቻ የሚያገኝ ከባድ ሕመም ነው፤ ከ1,000 ወላዶች በአንዲቱ ወይም በሁለቱ ላይ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት በድንገት ይነሣል። ወላዲቱ ሌሊቱን ሳትተኛ ታነጋለች፤ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች፤ ንግግሯ ይዘበራረቃል፤ በሕፃኑ ላይ እንግዳ የሆነ አሳብ ታስባለች። ለእርስዋም ለሕፃኑም የሚያሰጋ ስለ ሆነ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት። በጊዜ ከታከመች ግን ብዙዎቹ እንደሚድኑ እርስዋም የመዳን ተስፋዋ ትልቅ ነው።

እነዚህን ሁሉ በየመንደሩ «ለክፏት ነው»፣ «የሰው ዓይን ነው»፣ ወይም «የኃጢአቷ ዋጋ ነው» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለው ፍርድ ሕመምተኛዋን ዝም ያሰኛታል፤ ዝምታውም ሕመሙን ያጸናዋል። ሕመሙን የሚያባብሱት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ እነርሱም ድህነት፣ መደብደብና መደፈር፣ ያልታሰበ ፅንስ፣ ከባልና ከዘመድ መለየት፣ ቀድሞ የነበረ የአእምሮ ሕመም ናቸው። እናቲቱ ሳትታከም ከቀረች ጡት ማጥባቱ ይሰናከላል፤ የሕፃኑም እድገት ይጐዳል።

፪፤ የአራስ ቤት ሥርዓት

ኢትዮጵያውያን ስለ ድባቴ የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ሳይኖራቸው አራስን የሚጠብቁበት ሥርዓት ነበራቸው። ነፍሰ ጡርን ያገኘ ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል። ምጥ ሲይዛት ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይለምናሉ። ስትገላገል እልል ይባላል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጠያቂውም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ እርስዋም «ማርያም ታኑርሽ» ብላ ትመልሳለች። አጥሚት ይቀርብላታል። እናቷ ወይም እኅቷ ከአጠገቧ አትለይም፤ አራስ ብቻዋን አትተውምና። ካህኑም መጥቶ ጸሎት ያደርሳል፤ ጠበል ይረጫል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ በዚያ ቀን እናቲቱ ከልጇ ጋራ በሕዝብ ፊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች።

ይህ ሥርዓት በውስጡ የያዘው ጥቅም ሲዘረዘር፣ ዛሬ ሐኪሞች ለወላድ ያስፈልጋል ከሚሉት ጋራ ብዙው ይስማማል። ምግብና ዕረፍት አለ፤ ከከባድ ሥራ መለየት አለ፤ ሌሊት የሚነቃላት ሰው አለ፤ የተወለደው ልጅ የወገን ልጅ መሆኑ በአደባባይ ይነገራል። እርግጥ ሥርዓቱ ሕመምን ሁሉ አያስቀርም፤ በዘመድ መካከል ያለች አራስም ልትታመም ትችላለች። ነገር ግን ብትታመም የሚያያት ሰው አለ።

በዓረቦችም ዘንድ አራስ 40 ቀን ትታረሳለች። በእስልምና ሕግ በአራስነቷ ወራት ከሶላትና ከጾም ነጻ ናት፤ ብዙዎቹም ወደ እናታቸው ቤት ሄደው ይታረሳሉ። እንግዲህ አራስን ማክበር ለሁለቱም አገሮች ባዕድ ነገር አይደለም።

፫፤ በጅዳና በመካ

ከኢትዮጵያ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚኬደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በኤጀንሲ አማካይነት በውል የሚሆን ነው። ሁለተኛው ከጅቡቲ ጠረፍ ከኦቦክ ወይም ከሶማሌ ጠረፍ ከቦሳሶ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ፣ በእግርና በመኪና ድንበር የሚታለፍበት ነው። በዚህ በኋለኛው መንገድ ብዙ ሴቶች በደላሎችና በአጋቾች ተደፍረዋል፤ ከእነርሱም ሳይወዱ ፀንሰው የሚደርሱ አሉ። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ የሚሄዱት ክርስቲያኖችም እስላሞችም ናቸው፤ መከራው በሃይማኖት አይለይም።

በቤት ውስጥ የተቀጠረች ሴት ከአሠሪዋ ጋራ የምትታሰርበት ሥርዓት ከፋላ ይባላል። በዚህ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪው ስም የተያዘ ስለ ሆነ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ ከቤቱ ብትወጣ «ሁሩብ» ተብላ እንደ ኰበለለች ትቈጠራለች። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2021 የሳዑዲ መንግሥት የሠራተኛ ሕጉን ሲያሻሽል የቤት ሠራተኞች በማሻሻያው አልተካተቱም።

በአገሪቱ በሚሠራበት የሸሪዓ ሕግ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት ወንጀል ነው። ለተወለደ ሕፃን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣትም የጋብቻ ማስረጃ ይጠየቃል። ከዚህ የተነሣ የጋብቻ ወረቀት የሌላት ነፍሰ ጡር፣ ተደፍራ የፀነሰችም ብትሆን፣ ሐኪም ቤት መሄድን ትፈራለች። ፅንሷን በሰፊ ልብስ ትሸፍናለች፤ በእርግዝናዋም ወራት ሳትመረመር ትቈያለች፤ ምጧ ሲደርስ በኪራይ ክፍል ውስጥ የአገሯ ልጆች እንዳወቁ ያዋልዷታል። ድምፅ እንዳይሰማ «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው ልመና በሹክሹክታ ይሆናል፤ እልልታም የለም። በሳዑዲ ዓረቢያ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ጠበል የሚረጭላት ካህን አይመጣም፤ ወደ መካ ከተማማ ክርስቲያን መግባትም አይፈቀድለትም። በ40ና በ80 ቀን የሚሆነው ሁሉ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህች ሴት አራስ መንከባከብን የማታውቅ አለመሆኗ ነው። የአሠሪዋ ሚስት በወለደች ጊዜ ምግቡን የምትሠራው፣ ልብሱን የምታጥበው፣ ሕፃኑን ሌሊት የምታባብለው እርስዋ ናት። የሌላይቱን 40 ቀን በእጅዋ ትጠብቃለች፤ ለራሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አታገኝም። በአገር ቤትም ወላጆቿ የምትልከውን ገንዘብ ስለሚጠብቁ፣ መውለዷን ለእናቷ እንኳ ለመንገር ትፈራለች። ሕመሙን የሚያባብሱት ነገሮች ሁሉ እንዲህ በአንዲት ሴት ላይ ይሰበሰባሉ።

በዚህ ላይ እስራትና መባረር ይጨመራል። በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማስወጣት ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ከእነርሱም መካከል በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት ነበሩ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታትም ከ300,000 በላይ ሰዎች ተመልሰዋል። በጅዳና በመካ መካከል ባለው አውራ ጎዳና አጠገብ የሚገኘው የሹመይሲ ማቆያ ብዙዎቹ ያለፉበት ስፍራ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን በጅዳና በመካ ባሉት እስር ቤቶችም ሳይቀር በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ተይዘው ነበር፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ከታሰሩት መካከል ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት እንደነበሩ ገልጿል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት 100,000 ኢትዮጵያውያን እንዲመለሱ ተስማምተው ማጓጓዙ ተጀመረ።

፬፤ ስለሚገባት ርዳታ

እንዲህ ላለችው እናት የሚሆን ርዳታ በጣም ውድና ረቂቅ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2008 ከፓኪስታን፣ ከራዋልፒንዲ ገጠር፣ አንድ ጥናት ታተመ። በዚያ ጥናት ሐኪም ያልሆኑ የመንደር ጤና ሠራተኛ ሴቶች ጥቂት ሥልጠና ተሰጥቷቸው በድባቴ የተያዙ ነፍሰ ጡሮችን ከእርግዝናው የመጨረሻ ወር ጀምሮ እየተመላለሱ 16 ጊዜ ጠየቋቸው። በእያንዳንዱ ጊዜ ስለ ሦስት ነገር ይነጋገሩ ነበር፤ ስለ እናቲቱ ስለ ራሷ ጤና፣ ከሕፃኑ ጋራ ስላላት ፍቅር፣ በዙሪያዋ ካሉ ሰዎች ጋራ ስላላት ግንኙነት። ልጃቸው 6 ወር በሆነው ጊዜ፣ እንዲህ ከተጠየቁት እናቶች ከ100 23ቱ ብቻ በሕመሙ ሲቀሩ፣ ተራ ጥየቃ ብቻ ካገኙት ግን 53ቱ ገና ታመው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሥራ በ2015 የማስተማሪያ መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል።

ሕመሙንም ለይቶ ለማወቅ በስኮትላንድ የኤዲንብራ ሐኪሞች በ1987 ያወጡት 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ እናቲቱ ባለፉት 7 ቀናት ስለ ነበራት ስሜት ይጠይቃል። ይህ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ ወላዶች ላይ ተፈትኗል። ሕመሙ ሲጸና ሐኪም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች አሉ፤ ከእነርሱም ጡት ለምታጠባ እናት የሚስማሙ ይገኛሉ።

ከዚህ የተነሣ በጅዳና በመካ ሊሆን የሚችለው ነገር ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት፣ ነርሶች የሆኑትም ሌሎቹም፣ ጥቂት ሥልጠና ካገኙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ለእኅቶቻቸው የራዋልፒንዲን ዓይነት ጥየቃ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ መውጣት ለማትችለውም በስልክ ሊደርሱላት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ በሐኪም ቤት ስትታከም ስለ ወረቀቷ ለፖሊስ እንደማትሰጥ ማረጋገጫ ማግኘት ይገባታል፤ ፍርሃቷ ካልተወገደ ከሐኪም ቤት ደጅ አትደርስምና። ሦስተኛ፣ በማቆያ ስፍራ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ከሌሎች አስቀድመው እንዲለቀቁ፣ በጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላም ለእናትና ለሕፃን የጕዞ ሰነድ በቶሎ እንዲሰጥ ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ከአገር ከመውጣታቸው በፊት በሚሰጠው ትምህርት ስለ መደፈር፣ ስለ ፅንስና ስለ አእምሮ ሕመም በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ለአራስ ስደተኛ ምሕረት መለመን በሁለቱ አገሮች ታሪክ መሠረት ያለው ልመና ነው። በ615 ዓመተ እግዚእ ገደማ የመጀመሪያዎቹ እስላሞች በመካ በደረሰባቸው ስደት ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ በመጡ ጊዜ በሰላም ተቀመጡ። የእስልምና ታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚተርኩት ከስደተኞቹ አንዲቱ አስማ ቢንት ዑመይስ ልጆቿን፣ አብደላንና ወንድሞቹን፣ በዚሁ በሐበሻ ምድር ወለደች። ከመካ የተሰደደች እናት በኢትዮጵያ አራስ ሆና ከተጠበቀች፣ ከኢትዮጵያ የሄደች እናት በመካ ምድር እንድትጠበቅ መጠየቅ ነውር የለበትም።

፭፤ የነፍስ አባት ሥራ

በቦሌ ማረፊያ ልጅ ታቅፋ ከአውሮፕላን የምትወርደው ሴት ሁልጊዜ በቀጥታ ወደ ወላጆቿ ቤት አትሄድም። በአዲስ አበባ አጋር ኢትዮጵያ የሚባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ከስደት ተመላሽ ሴቶችን በመጠለያ ተቀብሎ የአእምሮ ሕክምና እንዲያገኙ ሲረዳ ቈይቷል፤ የቅዱስ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም ጽኑ ሕሙማንን ያክማል። ብዙዎቹ ግን አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ጠበል ነው፤ ምስጢራቸውን መጀመሪያ የሚሰማውም የነፍስ አባት ነው። የሐኪም ቤትን ደጅ ያላየች ሴት የእርሱን ቃል ትሰማለች። በእርሱ አንድ ቃል ልትድን ወይም ልትሰበር ትችላለችና፣ ደቀ መዝሙር ከወዲሁ ይህን ሊማር ይገባዋል።

ስለ ሕፃኑ አባት ከመጠየቁ በፊት ስለ እንቅልፏና ስለ ምግቧ፣ በልቧም ስላለው ኀዘን ይጠይቅ። ተደፍራ ከሆነ የተፈጸመባት በደል እንጂ የሠራችው ኃጢአት እንዳይደለ በግልጽ ይንገራት። ሞትን እመኛለሁ ብትል፣ ልጄን ምን ላድርገው የሚል ክፉ አሳብ መጣብኝ ብትል፣ ወይም ድምፅ እሰማለሁ ብትል አይቈጣት፤ ብቻዋንም አይተዋት፤ በዚያው ዕለት የምታምነውን ሰው አስከትሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይላካት።

ጠበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚል አስተማሪ ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አላወቀም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤድስ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒት በአንድነት ሊወሰዱ እንደሚገባ በአደባባይ አስተምረዋል። ለሥጋ ሕመም የተሰጠው ይህ ትምህርት ለአእምሮ ሕመምም የሚገባ ነው። ስለዚህ የምትጠመቅ እናት የሐኪሙን መድኃኒት እንዳታቋርጥ ካህኑ ራሱ ሊያስታውሳት ይገባል፤ የምታጠባ እናትም ከጾም ሕግ የተነሣ ሰውነቷ እንዳይደክም ይጠንቀቅላት።

ሕፃኑም ስለ አባቱ አይጠየቅ። 40ው ወይም 80ው ቀን በባዕድ አገር አልፎ ከሆነ፣ በተመለሰ ጊዜ ክርስትና ይነሣ፤ የክርስትና አባትና እናት የሚሆኑለት ደጋግ ሰዎች ከአጥቢያው ይፈለጉለት። ያን ቀን የጽዋ ማኅበሩ ሴቶች ገንፎ ገንፍተው እልል ቢሉላት፣ በጅዳ ክፍል ውስጥ ያጣችውን ሁሉ ባይመልስላትም፣ ልጇ የወገን ልጅ መሆኑን ታውቃለች። እናቲቱ የእስልምና ተከታይ ብትሆንም ጎረቤት ናትና፣ ክርስቲያን ሴቶች እንደ ወጉ አራስ ጥየቃ ይሂዱላት።

ተሳላሚዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በገዳም ደጅ ሕፃን ታቅፋ ለብቻዋ የምትቀመጥ ሴት ሲያዩ፣ ከየት መጣች ብሎ መንሾካሾክ ይቅርና አንድ ሰው ቀርቦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበላት። ከወሊዱ ወራት ቢያልፉም ይህ ቃል አይዘገይም፤ ምናልባት እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አላላትም ይሆናል።

በአማርኛ አጋር ማለት ረዳት፣ ደጋፊ ማለት ነው። ከአብርሃም ቤት አገልጋይ ስም ጋራ የሚገናኘው በድምፅ ብቻ ቢሆንም፣ ደቀ መዝሙር ሁለቱን አብሮ ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ በምድረ በዳ ለተቀመጠችው አጋር፣ ውሃው ያለበትን የሚያሳያት አጋር ያስፈልጋታልና። የአምላክ ቸርነት፣ የእመቤታችንም አማላጅነት በስደት ከሚወልዱት እናቶች አይለይ፤ አሜን።